የበለጠ-ጌራ ፕሮፖዛል፦ ሁለተኛው ድራፍት ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት አመሻችሁ። ለጅማው የበለጠ-ጌራ ጫካ ጥበቃ የምናዘጋጀውን ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ድራፍት ከላኩላችሁ በኋላ አብዛኞቻችሁ "አሪፍ ነው" ብቻ ነው ያላችሁኝ፣ አሪፍ አይደለም እኮ። እኔው ራሴ መልሼ ሳነበው ግማሹ ስለ ችግኝ ነው፣ ስንት ሺ ይፈላል ስንት ሺ ይተከላል፣ ጫካው ግን ቆሞ ያለ ጫካ ነው፣ በለጠና ጌራ አንድ ላይ ወደ 150 ሺ ሄክታር ይሆናል፣ እዛ ውስጥ ችግኝ ተሸክመን ገብተን ምን ልንሰራ ነው? ጥያቄው ሙቀቱ እየጨመረ ዝናቡ እየተዛባ ሲሄድ ይሄ ጫካ እንዴት ይቆያል ነው። ከዛ እንጀምር።

የጌራው፦
እኔ ከቡናው ልጀምር። በእ.ኤ.አ 2017 የወጣው ጥናት ምን ይላል፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና ላይመች ይችላል፣ ወደ ደጋው ከተዛወረ ግን ምቹው መሬት ቢያንስ አራት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ይቺን ሁለተኛዋን ነው የሚወዳት። እኛ ጋ "ደጋው" ማለት ግን ባዶ ሜዳ አይደለም፣ ቡና ያልገባበት ጫካ ማለት ነው፣ ቡናው ሽቅብ ሲወጣ ገጀራውም አብሮ ነው የሚወጣው። ይሄን በግልጽ ካልጻፍነው ፕሮፖዛላችን ራሱ ለምንጠራ ፈቃድ ይመስላል።

የሸቤው፦
ልክ ነህ ወንድሜ ግን ቡና የገባበትም ጫካ ደህና ነው ብለህ እንዳታስብ። በየዓመቱ ለቀማ ከመድረሱ በፊት ስር ስሩን እንመነጥራለን አይደል፣ እኔም እመነጥራለሁ አልዋሽም፣ ከአረሙ ጋር የዋንዛውም የቀረሮውም ቡቃያ አብሮ ይሄዳል። ላይ ላዩን ስታይ ትልልቁ ዛፍ ቆሟል ጫካ አለ ትላለህ፣ እሱ አርጅቶ ሲወድቅ ግን ተተኪ የለውም። ደግሞ ገበሬው ለጥላ የሚወደው ሰሳን ነው፣ ቅጠሉ ሳሳ ያለ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሌላውን ዝም ብሎ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ችግኝ የሚለውን ሰርዘህ "የበቀለውን መተው" በለው። ቡቃያው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት፣ የታሰረበት አይነካም፣ አለቀ። ከነርሰሪ በጣም ይረክሳል።

እትዬ ቡና ሻጭ፦
ልጆች ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ገበሬው ግን ምን አገኛለሁ ቢላችሁስ? እ.ኤ.አ በ2003 የጃይካ (የጃፓን የእርዳታ ድርጅት) ፕሮጀክት መጥቶ ዋቡቦቹ፣ ጫካውን የሚጠብቁት የገበሬ ማህበራት፣ ሲቋቋሙ፣ በኋላም በ2007 ጫካ ሳይጎዳ ለተመረተ ቡና የሚሰጠው የሬይንፎረስት አሊያንስ ሰርተፊኬት ሲመጣ ሰው ጫካውን የጠበቀው ቡናው የተሻለ ዋጋ ያወጣል ተብሎ ነው። አሁን ደግሞ አውሮፓዎቹ ከእ.ኤ.አ ዲሴምበር 31፣ 2020 በኋላ ከተመነጠረ ጫካ የመጣ ቡና አንገዛም የሚል ሕግ አውጥተዋል። ገዢው ማሳህ የቱ ጋ ነው በካርታ አሳየኝ ሊል ነው። ያለውን የጫካ ቡና ማሳ በጂፒኤስ አስለኩት፣ ያኔ ወሰኑ ይታወቃል፣ ማን ሽቅብ እንደገፋም ይታያል፣ ገበሬውም ገበያውን አያጣም። አንድ ስራ ሁለት ጥቅም። በጀቱን ከችግኙ ላይ አንሱት።

ጸሐፊ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልን፣ ይቺ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ትሆናለች።

ቀፎ ሰቃይ፦
የማር ሰው ስለሆንኩ አድልዎ አለብኝ ግን ልናገር፣ ቡና ያልገባበትን ጫካ ዛሬ የሚጠብቀው ቀፎ የሰቀለ ሰው ነው፣ ንቦቹ አበባውን የሚቀስሙት የገተማ ዛፍ ከተቆረጠ ነጭ ማር የለም። ቡና የማያልፈው የላይኛው መስመር ይኑር፣ ከሱ በላይ ማር ብቻ ይሁን ብላችሁ ጻፉ፣ ቅመምም ጨምሩበት፣ ኮረሪማ ጥላ ይወዳል።

ተማሪዋ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ ቦዬስ? ጅማ ተቀምጠን ስለ አየር ንብረት ስናወራ አፍንጫችን ስር ያለውን ረግረግ ረስተነዋል፣ ለጡብ ይቆፈራል፣ ዳር ዳሩ ባህር ዛፍ ነው፣ የአዌቱ ወንዝ ጎርፍ የሚያርፈው ደግሞ እዛው ነው። ጉማሬዎቹ የት ይሂዱ?

የጌራው፦
እህቴ ልክ ነሽ ግን ውሃው ሌላ ነው። የጌራና የሸቤ ውሃ አብዛኛው ወደ ጎጀብ ወንዝ ነው የሚወርደው፣ የቦዬው ወደ ግልገል ጊቤ። የሚገናኙት ታች ኦሞ ላይ ነው። አንድ ላይ ብንጨምቃቸው ሁለቱም ይላላሉ።

ተማሪዋ፦
የግልገል ጊቤ ግድብ ደለል የሚሞላው እኮ ከዚሁ ከኛ በሚወርድ አፈር ነው፣ እሱ አያሳስብም?

የጌራው፦
ያሳስባል እንጂ፣ ለዛ ነው የራሱ ወረቀት ይኑረው የምለው።

የሸቤው፦
ጎጀብ ካነሳችሁ አይቀር አንድ ነገር፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ካፋ እ.ኤ.አ ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ጥብቅ የተፈጥሮ ስፍራ ማለት፣ ነው፣ ዋና ክልል መከለያ የሽግግር ክልል ተብሎ ተከፋፍሏል። ከወዲህ ያለው የኛው ጫካ ግን እንደዛ አይደለም። ማዶው ደግሞ ድሮም ሌላ ክልል ነበር፣ ከ2014 ዓ.ም ወዲህ አዲሱ የደቡብ ምዕራብ ክልል ነው፣ ደብዳቤው በሁለት ክልል ቢሮ መዞር አለበት ማለት ነው፣ ጉሬዛው ግን ማህተም አይጠይቅም። ሙቀት ሲመጣ አውሬውም ዛፉም የሚሸሽበት መንገድ ያስፈልገዋል፣ መንገዱ ደግሞ የወንዙ ዳር ደን ነው። እኔ ብጠየቅ ከማዶዎቹ ጋር ሳንቀመጥ ይሄን ፕሮፖዛል ለማንም አናስገባም።

ጸሐፊ፦
እሺ በቃ እኔ እንዲህ ነው የማስተካክለው፣ ችግኝ አንድ አንቀጽ ብቻ ይቀረዋል እሱም ለተራቆተው የወንዝ ዳር። ዋናው የማሳ ልኬት፣ ከዛ ቡና የማያልፈው የላይኛው መስመር፣ ከዛ ቀይ ጨርቁ። መስመሩን ግን እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን አናሰምርም፣ ዋቡቦቹ ራሳቸው ዞረው ያሳዩን፣ ካልሆነ በነጋታው ነው የሚጣሰው። የካፋዎቹን የሸቤው ይያዝልን፣ ሰው ታውቃለህ አይደል?

የሸቤው፦
አውቃለሁ፣ ቦንጋ ሐሙስ እሄዳለሁ።

እትዬ ቡና ሻጭ፦
ዋቡቦቹን ጥሯቸው ግን በለቀማ ሰሞን እንዳታደርጉት፣ ማንም አይመጣላችሁም።

ተማሪዋ፦
እሺ ቦዬ ለብቻው ይሁን፣ ግን "በኋላ" ተብሎ እንዳይቀር፣ ሰኞ ጠዋት ዳር ዳሩን ዞሬ የሚቆፈርበትን ቦታ ልመዘግብ ነው፣ ሁለት ሰው ስጡኝ።

ቀፎ ሰቃይ፦
አንዱ እኔ ነኝ። ሌላኛው ቦቲ ጫማ ያለው ይሁን።