«የአማርኛ ስም ርካሽ ያስመስለዋል»? በሳቶሺ ስም ላይ የተነሣ ክርክር

አራዳ_ልጅ፦
እሑድ ጎንደር ፒያሳ ተሰብስበን የቢትኮይን (የዲጂታሉ ገንዘብ) ዋሌት፣ ማለት የገንዘብ ቦርሳ አፕ፣ ወደ አማርኛ ስንመልስ የቢትኮይን ትንሿ ክፍል መጠሪያ የሆነው «ሳቶሺ» ላይ ደርሰን ቆምን። አንዱ ወንድማችን «የአማርኛ ስም ካወጣንለት ርካሽ ያስመስለዋል» አለ። ይኸው ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ከጆሮዬ አልወጣልኝም። ከተቀመጥንበት የፋሲል ግንብ ይታያል እኮ! አንድ ቢትኮይን ለ100,000,000 ሲከፈል የምትገኘዋን «ቤሳ» ብንላት ምን ይጎድላታል? አጭር ናት፣ አፍ ላይ ትቀላለች፣ አያቶቻችን ገበያ ወጥተውባታል።

ኮድ_ጸሐፊው፦
ያልሁት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። ግን ነገሩን ቆርጠህ አታምጣው። የተነሣው ቤሳ ነበር። ሰው ኪሱ ሲራቆት «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ነው የሚለው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ያገኘውን ገንዘብ በባዶ ኪስ ስም ልጥራበት? ሳቶሺን ዓለም ያውቀዋል፣ እንዳለ ይቀመጥ።

አራዳ_ልጅ፦
«ቤሳ» አላልህም። «የአማርኛ ስም» ነው ያልኸው። ጎንህ ተቀምጬ ነበር።

የማራኪዋ፦
ስለ ስም ከመጣላታችሁ በፊት ስለ ዜሮው አውሩ። የእኅቴ ልጅ ሎጎ ይሠራል። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ 0.0004 ቢትኮይን ሊከፍለው ተስማምቶ 0.00004 ላከለት። ልጁ ስልኩን ይዞብኝ መጣ፤ ዜሮዎቹን በጥፍሩ እየነካ ሦስት ጊዜ ቆጠርናቸው፣ ሁለቴ አራት፣ አንዴ አምስት ሆኑብን። በሳቶሺ ተጽፎ ቢሆን 40,000 ስንጠብቅ 4,000 መምጣቱን ያኔውኑ ባየን ነበር። ደንበኛው ስህተቱን አምኖ ቀሪውን እስኪልክ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስሙ የፈለገው ይሁን፣ እስክሪኑ ላይ ሙሉ ቁጥር ይታይ።

ቅዳሜ_ገበያ፦
ኧረ ስሙም ያስቸግራል! እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት፦ «አርባ ሳቶሺ»። መጨረሻ ላይ የሚሰማኝ «ሺ» ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ዋጋ ስጠራ የምውል ሰው ነኝ፤ በገበያ ጫጫታ ሰው የሚይዘው የቃሉን ጭራ ነው። አርባ ይሁን አርባ ሺ በምን ይለየዋል? ፈረንጆቹ እንደሚያሳጥሩት «ሳት» ብትሉትማ የባሰ ነው። «መቶ ሳት» ስትሉ «መቶ እሳት» ነው የሚሰማው፤ በዚያ ላይ «ሳተ» አለ። «ሁለት መቶ ቤሳ» ግን ከማዶ ይሰማል።

ኮድ_ጸሐፊው፦
የ«ሺ»ውን ነገር አላሰብሁትም፣ እውነትሽን ነው። ግን ይሄ ሳቶሺን ይጥላል እንጂ ቤሳን አያነሣም።

የታሪክ_መምህር፦
ልጆች፣ መጀመሪያ «የአማርኛ ስም» የምትሉትን ለዩልኝ። ቤሳ ከህንዶቹ ፓይሳ ወገን ነው። ሳንቲም የፈረንሳይ ነው። ሽልንግ የእንግሊዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በብር ሲተካ ሁለቱ ሽልንግ በአንድ ብር ተመነዘረ፣ ገንዘቡ ሄዶ ስሙ 50 ሳንቲም ላይ ቀረ። ማርትሬዛ ብርም ስሟ የኦስትሪያ ንግሥት ነው። ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት እየታተመባት መጣች፣ ሕዝቡ ጠገራ ብር አላት። ማንም ኮሚቴ ተቀምጦ አልሰየማትም።

አራዳ_ልጅ፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉት እኮ የእኔኑ ሐሳብ ያጠናክራል። ፓይሳ መጥቶ በእኛ አፍ ተገራ፣ ቤሳ ሆነ። የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶም ቢሆን ክፍልፋዩን በራሱ ስም አልጠራም፤ ተጠቃሚዎቹ ናቸው ያወጡለት። በሌሎቹ ዲጂታል ገንዘቦችም ኤተሪየም ላይ ዌይ፣ ካርዳኖ ላይ ላቭሌስ እያሉ ትንሿን ክፍል በሚያከብሩት ሰው ስም ጠሩ። እነሱ ሲሰይሙ ክብር፣ እኛ ስንሰይም ርካሽ?

ኮድ_ጸሐፊው፦
«ርካሽ» የምትለዋን ቃል ልቀቃት አሁን።

አራዳ_ልጅ፦
አልለቃትም። ከአንተ አፍ ነው የወጣችው።

የአዘዞ_ሰው፦
ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ፣ ማለት እንደ ቢትኮይን ባሉ ዲጂታል ገንዘቦች፣ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ነው። እናንተ ደግሞ የድሮ የመንግሥት ገንዘብ ስም አንሥታችሁ ልትለጥፉበት ነው። ነገ አንዱ አጭበርባሪ «ቤሳ ተመልሳለች፣ ግዙ» እያለ ቤት ለቤት ቢዞር እናቶቻችን ምን ይላሉ? ስሙ ባዕድ ሆኖ ቢቀር ቢያንስ ሰው ሁለቴ ይጠይቃል።

የማራኪዋ፦
አጭበርባሪ ስም ጠብቆ አያውቅም፣ ወንድሜ። በፈረንጅ ስም ስንቱን ራቁቱን አስቀርቷል።

የአዘዞ_ሰው፦
እሱን አልካድሁም። በቤሳ ይብሳል ነው የምለው።

የደንቢያ_ልጅ፦
ለምን አሞሌ አትሉትም? ከአፋር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሲመጣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ዝርዝር ሲያስፈልግ ደግሞ ይቆረስ ነበር። ተከፋይ ገንዘብ ከተባለ እሱ ነው።

ኮድ_ጸሐፊው፦
አሞሌ ዳሸን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ዋሌት ስም ነው። የእኛ አፕ ላይ «500 አሞሌ» የሚል ያየ ሰው ሄዶ ባንኩን ነው የሚጠይቀው። ደግሞ ጨው ነው፣ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል።

የደንቢያ_ልጅ፦
የባንኩን ተቀብያለሁ። የዝናቡን ግን አልቀበልም! አያቶቻችን እርጥበት እንዳይነካው ጭስ የሚደርስበት ቦታ ያኖሩት ነበር። ሟሟ ብለው የተዉት ገንዘብ አልነበረም፤ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ተገበያይተውበታል።

ኮድ_ጸሐፊው፦
እሺ፣ ይሄንንም ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 ቢፕ 177 የሚባል የቢትኮይን ማሻሻያ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ሳቶሺ የሚለው ቀርቶ ትንሿ ክፍል ራሷ ቢትኮይን ትባል ይላል። ዜሮው ይጠፋል፣ አዲስ ስምም አያስፈልግም። ይሄ እስኪለይለት እንጠብቅ።

ቅዳሜ_ገበያ፦
ትናንት አንድ ቢትኮይን የነበረውን ሰው ዛሬ «መቶ ሚሊዮን ቢትኮይን አለህ» ልትለው ነው? እኔ በአንድ ቀን መስፈሪያ ብቀይር ደንበኞቼ ዳግመኛ ደጄን አይረግጡም።

አራዳ_ልጅ፦
የእኛ አፕ ማንንም አይጠብቅም። ፋይሉ ላይ «ቤሳ» ብዬ ሞልቻለሁ።

ኮድ_ጸሐፊው፦
አየሁት። ወደ «ሳቶሺ» መልሼዋለሁ።

አራዳ_ልጅ፦
ማን ፈቀደልህ? እሑድ እዚያው እንገናኝ፣ የ«ርካሽ»ንም ነገር ሰው ሁሉ ባለበት ትመልስልኛለህ።

የማራኪዋ፦
እስከ እሑድ ስሙን እንደፈለጋችሁ ጻፉት፣ ሰርዙት። ሙሉ ቁጥሩን ግን እንዳትነኩብኝ፤ የእኅቴ ልጅ ሐሙስ ሌላ ክፍያ ይጠብቃል።