የጀማ ሸለቆ ቆቅ በድምፅ መቅጃ፦ የት ይሰቀል፣ መቼ ይቅዳ?

የመርሐቤቴ ቆላ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጀማ ሸለቆ ውስጥ፣ ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ የሃርውድ ቆቅን በድምፅ ልንከታተል አስበናል። ያለን ስድስት ኦዲዮሞዝ (በተሞላለት ሰዓት ራሱ የሚቀዳ ትንሽ የድምፅ መቅጃ)፣ ባለ 32 ጊጋ ካርዶችና አንድ ላፕቶፕ ነው። ቦታው የሰው እጅ ያልነካው አይደለም፤ ማሽላ፣ የግጦሽ ተዳፋት፣ ወንዝ ዳር ደግሞ ፊላ አለ። መቅጃው የት ይሰቀል፣ በስንት ሰዓት ይቅዳ? የኤርክል ቆቅ እዚያው ስለሚጮህ እንዴት ይለያል? የቆቁስ ብዛት ከድምፁ ይታወቃል ወይ?

ድንጋይ ቆጣሪ
ከሰዓቱ ልጀምር፤ ብዙ ቅጂ ገደል የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ቆቅ አጥብቆ የሚጮኸው ንጋትና አመሻሽ ላይ ስለሆነ ከንጋቱ 11 እስከ ጠዋቱ 2፣ ከዚያም ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይበቃል። ኦዲዮሞዝ ግን ካልቀየራችሁለት በቀር የሚሠራው በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው የዓለም መነሻ ሰዓት ነው። የእኛ ንጋት 11 በፈረንጅ 5፣ በእሱ ደግሞ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ 02:00–05:00 እና 14:00–16:00 ብላችሁ ሙሉ። 11:00 ብሎ የሞላ ሰው መሣሪያው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የፍየል ድምፅ ሲቀዳ ይከርምበታል።

የባትሪ ድንጋዩ ሲወጣ የመሣሪያው ሰዓትም አብሮ ይጠፋል። ሜዳ ላይ ከቀየራችሁ በላፕቶፕ ወይም ቻይም በሚባለው፣ ሰዓቱን በድምፅ በሚሞላው የስልክ መተግበሪያ መልሱት። የፋይሉ ስም በ1970 ከጀመረ ሰዓቱ ሳይሞላ ተቀድቷል ማለት ነው። ማብሪያዋን ወደ ከስተም (CUSTOM) ግፉ፤ ዲፎልት (DEFAULT) ላይ ከቀረች የሞላችሁትን ሰዓት አትጠብቅም። ሦስቱም ኤኤ ድንጋዮች አልካላይን፣ ሁሉም አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ።

በ48 ኪሎኸርዝ የናሙና ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ሲለካ) የአንድ ሰዓት ቅጂ 346 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በቀን 5 ሰዓት ሲሆን 1.7 ጊጋ፣ በ14 ቀን 24 ጊጋ። ካርዳችሁ ይበቃል።

ገደል አፋፍ
በ48ቱ አልስማማም። ለቆቅ ብቻ ከሆነ 16 ይበቃል፤ የፍጥነቱን ግማሽ፣ እስከ 8 ኪሎኸርዝ የሚቀጥን ድምፅ ይይዛል፣ የቆቅ ጩኸት ደግሞ ከዚያ በታች ነው። አንዱ ካርድ ሦስት እጥፍ ይቆያል።

ቦታውን በተመለከተ፦ ጅረት አጠገብ አትስቀሉ፤ የውኃው ሹክሹክታ ሩቅ ያለውን ጩኸት ይውጠዋል። ፊላውን የሚያይ፣ ከወንዙ ራቅ ያለ ግራር ወይም ዋንዛ ፈልጉ። ከፍታው ከሰው ቁመት በላይ ቢሆን ከብት አይታከክበትም። ቋጥኝ ፊት ለፊት ከሆነ የገደል ማሚቶ አንዱን ጩኸት ሁለት ያደርገዋል። በመቅጃዎቹ መካከል ቢያንስ 500 ሜትር ይኑር፤ አለዚያ አንዱን አውራ ሁለቱም ይይዙታል። ዚፕ ባለው ላስቲክ ከከተታችሁት ከጫማ ካርቶን የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩ፣ ላስቲኩም በነፋስ እንዳይንኮሻኮሽ ወጥሩት።

ከሁሉ በፊት ግን ባለ ማሳውን አነጋግሩ። ዛፍ ላይ የተሰቀለ የማይታወቅ ሣጥን ይወሰዳል፣ ሲወሰድም አይፈረድም። መሣሪያው የሰው ወሬም እንደሚይዝ በግልጽ ተናገሩ፤ በቅጂው ውስጥ የገባውን ንግግር ቆርጣችሁ አጥፉ።

ስፔክትሮግራም
16ን የመረጣችሁ እንደሆነ ነገ ሌላ ቀጭን ድምፅ ያለው ወፍ ቢፈለግ አታገኙትም። እኔ 32 እላለሁ።

ወደ መለየቱ ስንመጣ፦ ስድስት መሣሪያ በ14 ቀን 420 ሰዓት ይሆናል፣ በጆሮ አይዘለቅም። በርድኔት የሚባለው የወፍ ድምፅ ለዪ ፕሮግራም ድምፁን በ3 ሰከንድ እየቆረጠ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 1 ውጤት ይሰጣል። መጀመሪያ የዝርያ ዝርዝሩ ውስጥ ቆቃችሁ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ በራሳችሁ ቅጂ አሠልጥኑት፣ ይህን ይፈቅዳል። የሃርውዱ ጩኸት ሻካራ፣ የሚያንቋርር «ኮሪ» ነው። የኤርክሉ ሳቅ ይመስላል፣ እየፈጠነ ይወርዳል። በስፔክትሮግራም፣ ማለትም በድምፁ ምስል ስታዩት ልዩነቱ ከጆሮ ይልቅ ይቀላል።

ማሠልጠኛውን የሚያበላሸው የቆቁ ናሙና ማነስ ብቻ አይደለም፤ «ይህ ቆቅ አይደለም» የሚል ናሙና አለመኖሩም ነው። የኤርክሉን፣ የአውራ ዶሮውን፣ የአህያውን፣ ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ የሚጠብቀውን ልጅ ጩኸትና የጅራፉን ጯታ ለይታችሁ ስጡት። ጅራፍ በምስሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይጥላል፣ ሥሩ ያለውን ጩኸትም ይሸፍናል።

ከዚያ ውጤቱን በየእርከኑ (0.3–0.5፣ 0.5–0.7 እያላችሁ) 50 50 ቁራጭ በዕጣ አውጥታችሁ አድምጡ። ትክክለኛው ከየት ላይ እንደሚበዛ አይታችሁ ወሰኑን ቁረጡ። ፕሮግራሙ ምንም የለም ካለውም ጥቂት አድምጡ፤ ያመለጠው የሚገኘው እዚያ ነው።

የመርሐቤቴ ቆላ
እግዜር ይስጥልን። ብዛቱስ?

ስፔክትሮግራም
40 ጩኸት 40 ቆቅ አይደለም፤ አንድ አውራ በአንድ ንጋት ሊያደርገው ይችላል። ከጩኸት ቁጥር ይልቅ በየቦታው «ከ14 ቀን በስንቱ ተሰማ» ብላችሁ መዝግቡ፣ በየዓመቱም ያንኑ ወር ያዙ። ማሽላው ቆሞ ሳለ ቅጠሉ ድምፅ ያፍናል፣ ራሱም ይንሿሿል፤ ከታጨደ በኋላ ጩኸቱ ቢበዛ ቆቁ በዛ ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከአጨዳ በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት ፉጨት በአንድ ዓይነት ድምፅ ማጉያ ከ50፣ 100፣ 200 እና 300 ሜትር ላይ አጫውቱና እስከ የት እንደሚቀዳ ለኩ። የቆቁን ድምፅ ለዚህ አትጠቀሙ፤ አውራው ባላጋራ መጣ ብሎ ቦታውን ይለቃል ወይም ከወትሮው አብዝቶ ይጮሃል፣ ቅጂያችሁም ይዛባል።