ዲስኩን ገዝተን መኪናውን ደግሞ ለብቻው?

ሦስተኛ ማርሽ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ በድምፅ ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ያደርንበትን ነገር በጽሑፍ እንጨርሰው። ጥያቄው አንድ ነው። የመኪና ውድድር ጌም ሙሉ ዋጋውን ከፍለህ ከገዛህ በኋላ፣ መኪኖቹን እንደገና በገንዘብ መሸጥ አግባብ ነው ወይ? ፖሊጎን “የዛሬ መኪና እንደ ድሮው በአንድ ቀን አይሠራም፣ ልፋቱ ይከፈልበት” ይላል። እኔ ዝርፊያ ነው እላለሁ።

ማስረጃዬ ይኸው። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ ናቸው። ፎርዛ ሞተርስፖርት 4 በ2011 ሲወጣ 500 ገደማ መኪና ነበረው። በ2013 አምስተኛው ከኤክስቦክስ ዋን ጋር ሲመጣ ቁጥሩ ወደ 200 ወረደ። መኪናው አነሰ፣ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛው ቶክን (የመኪና ማግኛ ሳንቲም በሉት) ግን ፊት ለፊታችን ተደቀነ። ሰው ሲጮህ ነው ጌሙ ውስጥ ያለውን የመኪና ዋጋ የቀነሱት።

ከዚያ ግራን ቱሪዝሞ 7 መጣ፣ መጋቢት ወር 2022 ላይ። በወጣ በሁለት ሳምንቱ አፕዴት ለቀቁና የውድድሩን ሽልማት ቀነሱት። በዚያው ሰርቨሩ ከ30 ሰዓት በላይ ጠፋ። ለብቻህ የምትጫወተው ክፍል እንኳ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዲስኩ እቤትህ ቁጭ ብሎ ጌሙ አልሠራ አለ። 2 ሚሊዮን ክሬዲት፣ ማለት የጌሙ ውስጥ ገንዘብ፣ 20 ዶላር ነው። ጌሙ ውስጥ ደግሞ 20 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና አለ። አስሉታ! አንድ መኪና፣ ያውም የማትነካው መኪና፣ 200 ዶላር። በኋላ የጌሙ አባት ካዙኖሪ ያማኡቺ ይቅርታ ጠይቆ 1 ሚሊዮን ክሬዲት በነፃ አደለ። ይቅርታ ባያስፈልገው ይጠይቅ ነበር?

ፖሊጎን፦
አቦ ቀስ በል። አንተ ያመጣኸው የክሬዲት ጉዳይ ነው። እኔ የማወራው ስለ መኪናው ሥራ ነው።

የእኔ እንጀራ ስሪዲ ነው። ያልተሠራ ፎቅ ተሠርቶ ሰው የገባበት አስመስዬ አወጣለሁ። አንድ ጊዜ ለማስታወቂያ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሥራ ተባልኩ። “ሳጥን አይደለች እንዴ? በሦስት ቀን አስረክባለሁ” አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። የፊት መብራቷ ብቻ ሁለት ቀን በላ። መብራት ማለት መስታወት ብቻ መሰላችሁ? ከመስታወቱ ጀርባ የሚያብረቀርቅ ሳህን አለ። መሃሉ ላይ አምፖል፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ፍሬቻ አለ። መስታወቱ ራሱ ደግሞ ውስጡ ቦይ ቦይ ነው። ያንን ቦይ ካልሠራኸው መብራቱ የሞተ ዓሣ ዓይን ይመስላል።

በሩ ደግሞ አለ። ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። አንዲት ነጥብ ተሳስታ ወደ ውስጥ ከገባች ብርሃን በላዩ ሲያልፍ ይንሻፈፋል። ላሜራ ቤት ገብቶ ስቱኮ የበዛበት በር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ።

ይኼ እንግዲህ ሚኒባስ ነው፣ ያውም ውስጡ ሳይሠራ። ለጌም ሲሆን ዳሽቦርዱ፣ የወንበሩ ስፌት፣ ስፖኪዮው፣ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ጀርባ ያለው ፍሬን ሳይቀር ይሠራል። ያማኡቺ ራሱ በግራን ቱሪዝሞ 5 ጊዜ አንድን መኪና በደንብ ለመሥራት ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል ብሏል። ስድስት ወር የሠራ ሰው ደሞዝ አይፈልግም?

ሦስተኛ ማርሽ፦
ግራን ቱሪዝሞ 5ን አንተው ማንሳትህ ጥሩ ነው። በ2010 “ከ1,000 በላይ መኪና” ተብሎ ነው የተሸጠልን። በደንብ የተሠሩት 200 ገደማ ናቸው። የቀሩት 800ዎቹ ከፕሌይስቴሽን 2 ዘመን እየተጎተቱ የመጡ። የበሩ ክፍተት እንኳ በቀለም የተሰመረ ነበር። ውስጡን ልይ ብትል ዳሽቦርድ የለም። ያ ልፋት ነው? ያ ቁጥር ማብዛት ነው።

ፖሊጎን፦
እኔ መቼ አወደስኩት? በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዲስኩን ሲያመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ አንዱን አሮጌ ሞዴል ከአዲሱ አጠገብ አቁሞ ማየት ነበር። አዲሱ መኪና ጎዳናውን ያንጸባርቃል፣ አሮጌው የተጣበቀ ወረቀት ይመስላል። ለዚህ እኮ ነው ግራን ቱሪዝሞ ስፖርት በ2017 ሲወጣ አሮጌውን ሁሉ ጥለው በ160 ገደማ መኪና የጀመሩት። ሁሉም ንጹሕ። ታዲያ ያኔ “መኪናው አነሰ” ብላችሁ ያለቀሳችሁት እናንተው ናችሁ! ሲበዛ ሻካራ ነው፣ ሲያምር ትንሽ ነው። ምን ይሁንላችሁ?

ቸርኬ፦
እሱ ላይ አንድ ነገር ረሳህ። ስፖርት ላይ በየጊዜው የጨመሩት መኪና በነፃ ነበር። መጨረሻ ላይ ከ300 በላይ ደርሷል። ስለዚህ ጥራቱም ይቻላል፣ በነፃ መጨመሩም ይቻላል ማለት ነው። “ጥራት ስላለ እንሸጣለን” የሚለው ነገር እዚያው ፈረሰ።

የሰፈሩ ጌም ቤት፦
እኔ ጌም ቤት አለኝ። ስድስት ቴሌቪዥን። የምታወሩት ሁሉ ለእኔ ደንበኛ ትርጉም የለውም፣ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ነገር አምስቱ ላይ የሚጫወቱት ፊፋ ነው። መኪና የሚጠይቀው አንዱ ጥግ ያለው ነው። እሱም ሲመጣ “ፈጣኗን አውጣልኝ” ነው የሚለው። ልጆቹ መኪናውን ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚያዩት። ፖሊጎን የተጨነቀበትን የፊት መብራት ያየ ልጅ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እንደ እኔ ከሆነ የኋላ መብራቱንና ፓራውልቱን አሳምረው ሌላውን ቢተዉት ገንዘብ ይቆጥቡ ነበር። (ቀልዴን አይደለም።)

ሁለተኛ፣ ዲኤልሲ (ጌሙ ላይ የሚጨመር፣ ለብቻው የሚሸጥ ነገር) መግዛት ብንፈልግስ በምን? ካርድ የለንም። አንድ ጊዜ የአክስቴን ልጅ ለምኜ ከአሜሪካ የስጦታ ካርድ ቁጥር ላከችልኝ። ደስ ብሎኝ በአሜሪካ አካውንት የአንድ ጌም የመኪና ጥቅል ገዛሁ። ዳውንሎድ ለማድረግ ሌሊት ሙሉ አደርኩ። ጠዋት ስከፍተው መኪኖቹ የሉም። ለካ ዲስኬ ከዱባይ የመጣ ነው። የአንዱ አገር ዲስክና የሌላ አገር ዲኤልሲ አይግባቡም። ለማን አቤት ይባላል? ገንዘቡም ሄደ፣ ዳታውም ሄደ፣ የአክስቴ ልጅም “ሌላ ጊዜ እንዳትጠይቀኝ” አለች።

የናቲ እናት፦
እኔ እንኳን ጌም አልጫወትም። ናቲ ነው ግሩፑ ውስጥ ያስገባኝ፣ የሰጣችሁትን ምክር እንዳነብለት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው። በእኛ ቤት ግን የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ልናገር።

ልጄ “ማሚ፣ አዲስ መኪኖች ወጡ፣ አምስት ዶላር” ሲለኝ ችግር የለብኝም። አምስት ዶላር አምስት ዶላር ነው። ዕቃውን አያለሁ፣ እሺ ወይም እምቢ እላለሁ። ያናደደኝ ክሬዲቱ ነው። አንድ ቀን “2 ሚሊዮን ልግዛ” አለኝ። 2 ሚሊዮን ምን? ምንዛሬው ምንድነው? ቁጭ ብዬ በወረቀት አካፍዬ ነው የገባኝ። ብሩን ሌላ ስም ሰጥተው ከልጁ ዓይን ይሸፍኑታል። ሦስተኛ ማርሽ፣ አንተ ሁለቱንም በአንድ ጆንያ ከተህ “ዝርፊያ” ትላለህ። አንደኛው ገበያ ነው፣ ሌላው ግን ድብብቆሽ ነው።

ሦስተኛ ማርሽ፦
እትዬ፣ ክሬዲቱ ላይ የተናገሩት ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን አምስት ዶላሩም ጊዜው ሲደርስ ይጠፋብዎታል። ቸርኬ፣ የፈቃዱን ነገር ንገራቸው እስቲ። ትናንት ስታወራ አፌን ነው ያስያዝከኝ።

ቸርኬ፦
እሺ። የመኪና ጌም ከሌላ ጌም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መኪናው የጌም ሠሪው አይደለም። ስሙም፣ ቅርጹም፣ አርማውም የፋብሪካው ነው። ለመጠቀም ውል ይፈርማሉ፣ ውል ደግሞ ጊዜ አለው።

ፖርሸን እዩ። እስከ 2016 ድረስ የጌም ፈቃዱ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በሚባል የጌም ኩባንያ እጅ ነበር። ሌሎቹ ምን አደረጉ? ግራን ቱሪዝሞ ሩፍ የሚባለውን የጀርመን ኩባንያ አስገባ፣ የፖርሸን አካል ወስዶ በራሱ ስም የሚሠራውን። ፎርዛ 4 ላይ ደግሞ ፖርሸ መጀመሪያ አልነበረም። በ2012 በዲኤልሲ ጥቅል መጣ፣ 30 መኪና። ያ ጥቅል በገንዘብ መሸጡ ለእኔ አግባብ ነው፣ የውጭ ውል ወጪ አለበትና። ፎርዛ ሆራይዘን 4 በ2018 ሲወጣ ደግሞ የቶዮታ የመንገድ መኪና አልነበረበትም። አስቡት፣ ቶዮታ የሌለበት መንገድ! እኛ አገር ይኼን ጌም ሳይንስ ልብ ወለድ ነው የሚሉት።

ችግሩ ውሉ ሲያልቅ ነው። ሆራይዘን 4 ታኅሣሥ 15 ቀን 2024 ከገበያ ወጣ። ዲኤልሲው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ። የገዛ ሰው መጫወት ይችላል፣ ያልገዛ ግን ከኩባንያው መደብር አያገኘውም። ከዚህ የባሰው ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ጌም ነው። መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጉት፣ ጌሙ ያለ ሰርቨር አይነሳም፣ አለቀ። መኪናውን በገንዘብ የገዛውም፣ ሌት ተቀን ተጫውቶ ያገኘውም እኩል ባዶ እጁን ቀረ። በዚያ ንዴት የተጀመረው ዘመቻ አውሮፓ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል።

ሦስተኛ ማርሽ፦
በቃ። ታዲያ “ግዛ” ለምን ይሉናል? “ተከራይ” ይበሉን። የኪራይ ዋጋ ያስከፍሉን። ቤት ተከራይቶ የቤት መግዣ የሚከፍል አለ?

ፖሊጎን፦
እሱን እኔም እቀበላለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ራሴ ልጨምርልህ፣ ሰሞኑን ሲያቃጥለኝ የነበረ። ፎርዛ ሞተርስፖርት በ2023 ሲወጣ “ከመሠረቱ አዲስ የተገነባ” ብለው ነው ያስተዋወቁት። ከ500 በላይ መኪና። ተጫዋቾች ጠጋ ብለው ሲያዩ አንዳንዶቹ ሞዴሎች ከኤክስቦክስ 360 ዘመን የመጡ ናቸው። የመብራቱ ጠርዝ፣ የጎማው ክብነት ያስታውቃል። ለእኔ ይኼ ከዋጋው በላይ ያማል። ምክንያቱም እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ “ልፋቱ ይከፈልበት” እያልኩ የምከራከርላቸው ሰዎች አሮጌውን አጥበው እንደ አዲስ ሲሸጡ ክርክሬን ይገድሉታል። ስድስት ወር የፈጀውን መኪና ሽጥልኝ፣ እገዛለሁ። የአሥር ዓመቱን ግን በነፃ ስጠኝ።

ቸርኬ፦
ለዚህ ነው እኔ አሴቶ ኮርሳ የሚባለው የመኪና ጌም ላይ የቀረሁት። ከ2014 ጀምሮ ሰው በነፃ እየሠራ የሚለቀው መኪና ብዛቱ አይነገርም።

ፖሊጎን፦
ግማሹ ከሌላ ጌም ተገልብጦ የወጣ ነው። የአንዱን ልፋት ሌላው በነፃ ማደሉን ቸርነት አትበለው።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ቆይ ቆይ። ያቺ ሚኒባስህ ፋይሏ አለ? አሴቶ ኮርሳ ላይ ብናስገባት እኮ ጉድ ይፈላ ነበር። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ! ላክልን እስቲ።

የሰፈሩ ጌም ቤት፦
እሷን ካመጣችሁ ስድስቱንም ቴሌቪዥን ለመኪና አደርጋለሁ። ልጆቹ በወረፋ ይገዳደላሉ።

ፖሊጎን፦
ፋይሏ አለ። 500 ብር በቴሌብር።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ምን?! ለጓደኛ?

ፖሊጎን፦
ሦስት ሳምንት።

ሦስተኛ ማርሽ፦
እሺ ይሁን። መብራቷ ይበራል አይደል?

ፖሊጎን፦
መብራቷ ይበራል። ፍሬቻው ለብቻው ነው።