የ2015ቱ የማፔቶች ተከታታይ ጥፋቱ ምን ላይ ነበር?

የከርሚት ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር፣ የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤቢሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ማሰራጨት የጀመረውን፣ ማፔቶች የተባሉት የጨርቅ አሻንጉሊቶች የሚተውኑበትን «ዘ ማፔትስ» የተሰኘ ተከታታይ ማየት ጀምረን ነበር፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ልጄ ተሰላችታ ተነሥታ ሄደች፣ ቀሪውን እኔ ብቻዬን ጨረስሁት። ማፔቶችን ያወቅኋቸው አሜሪካ በገባሁባቸው የመጀመሪያ ወራት፣ እንግሊዝኛው ገና ለጆሮዬ ባዳ በነበረበት ጊዜ፣ የአክስቴ ልጅ በገዛቸው የድሮ ክፍሎች ዲቪዲ ነው። እንቁራሪቱ ከርሚት ሁለት እጆቹን እያወናጨፈ ሲጮህ ለመሳቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

በአዲሱ ሥራ ግን ያው ከርሚት የድሮ ፍቅረኛው የአሳማዋ ሚስ ፒጊ የሌሊት የቃለ መጠይቅ ፕሮግራም ዋና ፕሮዲውሰር ሆኖ፣ ከእርሷ ተለያይቶ፣ ዴኒዝ ከምትባል ሌላ አሳማ ጋር ፍቅር ጀምሮ፣ ስብሰባ ያንገሸገሸው የቢሮ አለቃ መስሎ አገኘሁት። ብዙ ሰው «ለአዋቂዎች ተብሎ ስለተሠራ ተበላሸ» ይላል። ይህ ፍርድ ትክክል ነው ወይስ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው?

የሰገነቱ ሽማግሌ

ፍርዱ ትክክል አይደለም። ማፔቶች ከመነሻቸውም የልጆች ብቻ አልነበሩም። ፈጣሪያቸው ጂም ሄንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ዋሽንግተን ውስጥ የመጀመሪያውን ከርሚት ከእናቱ አሮጌ ካፖርትና ለሁለት ከተከፈለ የፒንግ ፖንግ ኳስ ሲሠራው፣ አሻንጉሊቱ የቀረበው በምሽት በሚተላለፍ የአምስት ደቂቃ ፕሮግራም ላይ ነበር። በዚያው ዘመን ለአንድ የቡና አምራች በሠራቸው አጫጭር ማስታወቂያዎች ላይ፣ ቡናውን አልጠጣም ያለው አሻንጉሊት በመድፍ ይተኮስበት ነበር። የልጆች ናቸው ብለን እንድናስብ ያደረገን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለው የልጆች ፕሮግራም ነው፤ ሄንሰን ራሱ ይህን ስም ለማራገፍ ብዙ ደክሟል። የአሜሪካ ጣቢያዎች እምቢ ሲሉት ገንዘቡን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሉ ግሬድ ስለነበር፣ የድሮው ተከታታይ «ዘ ማፔት ሾው» የተሠራው ለንደን አጠገብ በሚገኘው የኤልስትሪ ስቱዲዮ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1981 በተሠሩት 120 ክፍሎች ውስጥ የነበረው ነገር አንድ ነው፤ ቴአትር ቤት አለ፣ መጋረጃው መከፈት አለበት፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ግን ሁሉም ነገር እየፈረሰ ነው። ድቡ ፎዚ ቀልዱ ይከሽፍበታል፣ ጎንዞ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል፣ ሚስ ፒጊ የሌላውን ተራ ትቀማለች፤ ይሁን እንጂ ሁሉም የሚፈልጉት ያ ትርኢት እስከ ፍጻሜው እንዲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጠፋው ይህ የጋራ ጭንቀት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ደመወዝና የራሱን ኩርፊያ ይዞ ወደ ቢሮ ይገባል፣ ሳቁም የሚመጣው እርስ በርስ ከመሰለቻቸታቸው ነው። የድሮው ከርሚት እብድ እብድ ያሰኘው ነበር እንጂ ጓደኞቹን አይንቅም ነበር። እኔ ይቅር ያላልሁት ይህንን ነው።

ጨርቅና ስፖንጅ

ከሽማግሌው ሐሳብ ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን በእጅ የሚታይ ሌላ ምክንያት ልጨምር። ለሰፈራችን ልጆች የእጅ አሻንጉሊት እየሠራሁ አጫውታለሁ። ይህን ያስጀመረችኝ በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ የምትታየው ቀጭኔ ናት፤ አገር ቤት ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃታል።

የከርሚት ዓይኖች አይንቀሳቀሱም፤ የሚከደኑበት ሽፋንም የላቸውም። ፊቱ በአጫዋቹ እጅ ላይ የተሳበ ስስ ጨርቅ ነው፤ አራቱ ጣቶች የላይኛውን፣ አውራ ጣት የታችኛውን ከንፈር ይይዛሉ፤ ጡጫ ሲጨበጥ ፊቱ ይጨማደዳል፤ «ተናድዷል» ወይም «አፍሯል» የምንለው ይህንኑ ነው። ወዴት እንደሚያይ የሚወስነው የአጫዋቹ የእጅ አንጓ ነው። አሁን ደግሞ አዘጋጆቹ የመረጡትን አቀራረብ አስቡት። ዘጋቢ ፊልም በሚመስል የቢሮ ኮሜዲ ውስጥ ሳቁ ያለው ተዋናዩ ለግማሽ ሰከንድ ዓይኑን ብቻ ወደ ካሜራው ሰረቅ ሲያደርግ ነው። ከርሚት ይህን ማድረግ አይችልም፤ ወደ ካሜራ ለማየት ጭንቅላቱን በሙሉ ማዞር አለበት። ስለዚህ በስርቆት መሆን የነበረበት እይታ አዋጅ ይሆናል።

ይህን በራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ። አንዲት የጨርቅ ፍየሌን በስልክ ቀርጬ፣ ስልኩን እያንቀጠቀጥሁ፣ በየሁለት ሰከንዱ ቆረጥሁት፤ ፍየሏ ሞተች፣ የቀረው የእኔ ካልሲ ብቻ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ስቀርጻት ግን ስትተነፍስ ታየችኝ። አሻንጉሊት ነፍስ የሚዘራው ካሜራው ረጋ ብሎ ሲጠብቀው ነው፤ የቴአትር መድረክ ይህን በነጻ ይሰጣል።

ዘግይቶ የመጣ

ሁለታችሁም የምትናገሩት ስለ መጀመሪያዎቹ አሥር ክፍሎች ብቻ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ክፍል ወደ 9 ሚሊዮን ሰው ካየው በኋላ ተመልካቹ እየሸሸ ሲሄድ ጣቢያው ሥራውን አቋርጦ፣ ከሁለቱ ፈጣሪዎች አንዱ የነበሩት ቦብ ኩሽል ለቅቀው ክሪስቲን ኒውማን ተተክተው፣ ተከታታዩ እ.ኤ.አ. የካቲት 2016 ለስድስት ክፍሎች ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ከርሚት ለስለስ ብሏል። አንክል ዴድሊን ደግሞ አትርሱ፤ በድሮው ትርኢት ቴአትር ቤቱን የሚያስፈራራ መንፈስ የነበረው ፍጡር እዚህ የሚስ ፒጊ ልብስ ኃላፊ ሆኖ፣ ከእርሷ ጋር ያለው ወዳጅነት ከተከታታዩ ሁሉ የተሻለው ነገር ሆኗል። ይህ ዝምድና በመድረክ ላይ ሊወለድ አይችልም ነበር፤ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ያስፈልገዋል። ጣቢያው ግንቦት ላይ ሥራውን ሰረዘው፤ እኔ ግን አንድ ምዕራፍ ቢጨመርለት ይቃና ነበር ባይ ነኝ።

«ወደ ቴአትሩ ይመለሱ» ማለትም ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ዲስኒ ማፔቶቹን እ.ኤ.አ. በ2004 ከገዛ ወዲህ ከቢሮ ውጭም ብዙ ነገር ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ስድስት ክፍል ያለው የአጫጭር ቁርጥራጮች ስብስብ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የማፔቶቹን የሙዚቃ ባንድ ብቻ የያዘ ተከታታይ መጣ፣ እሱም ከአንድ ምዕራፍ አላለፈም።

የሰገነቱ ሽማግሌ

አንክል ዴድሊን በተመለከተ ተሸንፌያለሁ። በሌላው ግን አልሸነፍም፤ ከዲስኒ ውጭ በሄንሰን ኩባንያ እጅ የቀረውን ሌላውን የሄንሰን የአሻንጉሊት ተከታታይ «ፍራግል ሮክ» ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲመለስ ፍራግሎቹ ያው ዋሻቸው ውስጥ፣ ያው ዘፈናቸውን እየዘፈኑ ነው የመጡት፤ ቢሮ የከፈተላቸው ሰው የለም። የልብስ ክፍሉም ቢሆን ከመድረክ ጀርባ ያለ ክፍል ነው፤ ስለዚህ የርስዎ ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል።

የከርሚት ወዳጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ዓይኑ የተጻፈውን ካነበብሁ በኋላ አንዱን ክፍል መልሼ አየሁት፤ ከርሚት ወደ ካሜራ በዞረ ቁጥር አሁን አንጓ ነው የሚታየኝ፤ ይህን ስላሳያችሁኝ ላመስግን ወይስ ላማርር አላውቅም። ትናንት ማታ ከልጄ ጋር የ1976ቱን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከፈትን። መጋረጃው ሲከፈት ዝም ብላ ቆየችና «እግሩ የታለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ፊልም ላይ ከርሚት ብስክሌት ሲነዳ ሁለቱም እግሮቹ እንደሚታዩ ነገርኋት፤ ቅዳሜ እናየዋለን።