ቺንጋ ወይስ ካምቢዮ? ለወሎ ዳገት ባለ አራት ጎማ ሞተር ለምታስቡ

ኩታበር ላይ ድንች የሚያመርት ወንድማችን «ከማሳ እስከ መንገድ ጭነት የሚያወጣልኝ ባለ አራት ጎማ ሞተር የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ ጠይቋል። የኔን ልበል። ሦስት ዓመት ነድቻለሁ፤ ሁለት ቺንጋም (የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰውን የላስቲክ ቀበቶ) አቃጥያለሁ።

በቅድሚያ፣ መንገድህ አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ከሆነ ይሄን ሁሉ አታንብብ። ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ግዛና ተገላገል። የበለጠ ይጭናል፣ የሚጠግነው ሰውም ሞልቷል። ባለ አራቱ የሚፈለገው ድንጋይና ጭቃ ላይ ነው።

ሰው ሁሉ ስለ ጉልበት ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው «ሲወርድ ምን ይይዘዋል?» ብዬ ነው። ጭነት ይዘህ ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በፍሬን ብቻ ከሄድክ ፍሬኑ ይግላል፤ ከዚያ አንተን አይሰማህም። ከባድ ማርሽ አስገብተህ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ነው የሚሻለው። ሆንዳ ፎርማንና ራንቸር በቺንጋ ሳይሆን በካምቢዮ፣ ማለትም በጥርስ ማርሽ ስለሚሠሩ ይሄን አሳምረው ያደርጉታል። ከባለ ቺንጋዎቹ ያማሃ ግሪዝሊና ኮዲያክ ጋዝ ስትለቅ ቺንጋቸው አይላላም፤ እነሱም ይይዛሉ። አንዳንድ የቆዩ ባለ ቺንጋዎች ግን ጋዝ ስትለቅ ይለቃሉ፣ ከዚያ መንደርደር ነው። ስለዚህ ስትገዛ ቁልቁለት ላይ ካልነዳሁ በል። ሻጩ «ሜዳው ላይ ሞክራት» ካለህ ወደ ቤትህ ተመለስ።

ቺንጋ ያለ ምክንያት አልተወደደም። ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለት ፑሌጃዎች እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ራሳቸው ይቀይራሉ፤ አንተ ጋዝ መስጠት ብቻ ነው። ጠላቱ ውሃና ከባድ ጭነት ነው። አምና ክረምት ወንዝ ስሻገር ውሃ ገባበትና መንሸራተት ጀመረ። የወሰድኩበት ጋራዥ ልጁ «አብሽር ጋሼ» ብሎ ፑሌጃውን ግሪስ ቀባልኝ። ግሪስ! ደርቆ መያዝ ያለበትን ነገር! ዳገቱን ሳላጋምስ ጎማ ጎማ ሸተተኝ። ክዳኑን ስከፍተው ቺንጋው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ተቦጫጭቋል፣ ውስጡ ጥቁር ብናኝ ሞልቷል። ምትኩን ደሴ ላይ አጥቼ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነበር፤ ከቺንጋው ቤት በታች ያለውን መክደኛ ፈቶ ውሃውን ማፍሰስ፣ ከዚያ ማርሽ ሳያስገቡ ጋዝ እየሰጡ ማድረቅ። ጭነት ካለ ደግሞ ኤል (L፣ ዝግ ያለው ባለ ጉልበቱ ማርሽ) ላይ አድርጎ መውጣት።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ወረቀቱ ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት እንዳለ አትመን። ካርቡራቶር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የድሮው ዕቃ) ያለው ደጋ ላይ ነዳጅ ይበዛበትና እሳት የሚያስነሳው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። ኢንጄክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ እየመጠነ የሚረጭ) ያለው ራሱን ያስተካክላል። እሱን ምረጥ።

አሞርዛተርና ሞላው ላይ ነው ክርክሩ። ፖላሪስ ስፖርትስማን የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ ወገብህም ይተርፋል። ጭነት ሲበዛበት ግን ኋላው ይቀመጣል፤ ጎሚኒዎቹም (የአክስሉን መገጣጠሚያ የሚሸፍኑት ላስቲኮች) ብዙ ናቸው። አንዱ ተቀዶ አሸዋ ከገባበት ውስጡ ያለው መገጣጠሚያ ያልቅለታል። ፎርማን ደግሞ ኋላው አንድ ወጥ አክስል ነው። ያንገጫግጫል፣ መሐሉም ዝቅ ስለሚል ድንጋይ ይነካዋል። ግን ተሳቢ ሲጎትት አይወላገድም፣ የሚበላሽ ነገሩም ትንሽ ነው።

ስለ ጭነት ካነሳን፣ የፎርማን የኋላ መጫኛ ልኩ 85 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል እንኳ አይችልም ማለት ነው! ብዙዎች ሁለት ይጭኑበታል፤ ፊቱ ይቀልና ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይገለብጣቸዋል። ኩንታሉን ተሳቢ ላይ አድርገው።

እንግዲህ የኩታበሩ ወንድሜ፣ ድንች ከሆነ ጭነትህ እኔ ብሆን ፎርማንና ትንሽ ተሳቢ እገዛለሁ። ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምርበት። ለጉብኝት ወይም በግ ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ስፖርትስማኑ ይመቻል።

በነገራችን ላይ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የፊት ጎሚኒ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የኔ የግራው ከተቀደደ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልዬው ነው የምነዳው።