ለልጆቹ ቫይታሚን ይገዛ ወይስ እንቁላል? (ክርክር)

የሆጤ ወላጅ፦ ሰላም ጀመዓው፣ ነገሩን ላልሰማ ባጭሩ፦ እዚህ ደሴ ሆጤ የልጆቼ ትምህርት ቤት ወመተህ (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረቱ) ለምገባ ብሎ ብር አዋጥቶን ነበር፣ አሁን ደግሞ አንዳንድ ወላጆች "ልጆቹ አጥረዋል፣ ምግብም አይበሉም፣ ዚንክ ያለው መልቲቫይታሚን ይገዛላቸው ቁመት ይጨምራል" ብለው አመጡ። እሁድ ስብሰባ አለ። እኔ እንቁላል ይሻላል ባይ ነኝ፣ እናንተስ?

የመንታ እናት፦ እኔ ቫይታሚኑን እደግፋለሁ። ሴቷ ልጄ ሽሮፕ ከጀመረች አፒታይቷ ተከፍቷል፣ ባራት ወር 2 ሴንቲ ጨምራለች፣ በሩ ላይ በእርሳስ እያሰመርኩ ነው የምለካት። አይኔ ያየውን ልካድ?

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ ማንም አልካደሽም፣ ግን በዛ እድሜ ያለ ልጅ ጠጣ አልጠጣ በአመት 5-6 ሴንቲ ያድጋል፣ ባራት ወር 2 ማለት እኮ ልኩ ነው። ወንዱ መንታስ ይጠጣል?

የመንታ እናት፦ እሱ ይተፋዋል።

ፋርማሲስቱ፦ ስንት ጨመረ?

የመንታ እናት፦ ... 2 😅 ግን እሱ ከድሮም በላተኛ ነው!

የደላንታው መምህር፦ ሳቁ እናንተ። እኔ የማስተምርበት ደጋ ላይ ልጁ ጠዋት ገብስ ቆሎ ይዞ ይመጣል፣ ማታ ሽሮ ነው። እንቁላል ቤት ውስጥ አለ፣ ግን ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙና ሆኖ ነው የሚመለሰው። በ2008ቱ የጤና ዳሰሳ አማራ ክልል ከ5 አመት በታች ካሉት ልጆች ከ100ው 46ቱ ቀንጭረዋል፣ ማለት በምግብ እጥረት ለእድሜያቸው አጥረዋል፣ እነዛ ልጆች አሁን ክፍሌ ውስጥ ናቸው። ለነሱ ኪኒን ቢመጣ እኔ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው፣ "ምግብ ይሻላል" ማለት ምግብ ላለው ቀላል ነው።

ፋርማሲስቱ፦ መምህር ያንተ ሌላ ነው፣ የጎደለበት ልጅ ይሰጠው፣ ልዩነት የለንም። እኔ የምለው ስለ ሆጤ ነው፣ ደግሞ ሻጭ ነኝ፣ ብትገዙ የሚሞላው የኔ ኪስ ነው ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብረት ብቻውን ወይ ቫይታሚን ኤ ብቻውን ቁመት ላይ ይሄ ነው የሚባል ነገር አያመጣም፣ ብዙ ጥናት ተደምሮ ታይቷል። ዚንክ ላይ ትንሽ ነገር አለ አልክድም፣ እሱም ጎልቶ የታየው ቀድሞ የቀነጨሩት ላይ ነው። መቀንጨር ደግሞ ዋናው ስራው የሚያልቀው ከእርግዝና እስከ ሁለት አመት ባለው 1000 ቀን ውስጥ ነው፣ እዚሁ አጠገባችን መንግስት መቀንጨርን አጠፋለሁ ብሎ የሰቆጣ ቃል ኪዳንን በ2007 ሲገባ ከሁለት አመት በታች ያሉት ላይ ያተኮረው ለዛ እኮ ነው። ሶስተኛ ክፍል የደረሰን ልጅ በሽሮፕ ልሳበው ማለት... ደሞ ብረት ያለበትን ኪኒን ኮመዲኖ ላይ የምታስቀምጡ አላችሁ፣ ልጅ ከረሜላ መስሎት እፍኝ ከቃመው ይገድላል፣ በቀልድ አይደለም።

የሐይቋ መምህርት፦ ስለ ትል የሚያወራ የለም እንዴ? እኛ ጋ ልጆቹ ከሀይቁ አይወጡም፣ ከውሃ የሚይዘው ትል፣ ቢልሃርዚያው እዛው ነው። የምትሰጡትን ቫይታሚን ትል እየተካፈለው፣ ደም እየፈሰሰ፣ ምን ያሳድጋል? መጀመሪያ የትል መድሃኒት በሚሰጥበት ቀን ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። ባለፈው ግማሹ ክፍል ቀርቶብኛል፣ ያዞራል ተብሎ።

የኮምቦልቻ አባት፦ እኛ በሽንብራ ቆሎና በእንጀራ አድገን የለ እንዴ፣ ምን የማይሰማ አለ ዘንድሮ

የሐይቋ መምህርት፦ ጋሼ አብረውዎት ቆሎ በልተው ያላደጉትን አይቆጥሩማ።

የሆጤ ወላጅ፦ ወደ እንቁላሉ እንመለስ። አንዷ ወላጅ "በጾም ምን ልታረጉ ነው" አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ክፍሉ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው፣ አንዱ ሲበላ ሌላው ሊያይ ነው።

የደላንታው መምህር፦ ረቡዕና አርብ ንፍሮ ይሁና፣ ባቄላና ስንዴ፣ ለሁሉም እኩል። ሻዩን ግን አስቀሩት፣ ሻይ በዳቦ እየተባለ ዳቦው ውስጥ ያለውን ብረት ሻዩ አስሮ ይዞት ይወጣል። ጤፍ እንኳ ሲቦካ ይሻላል፣ ሻይ ከላይ ስትደፉበት ነው ችግሩ። ሌላው ጨው ነው። ደጋ ላይ እናቶቻችን አንገት ላይ የምናውቀው እንቅርት ከአዮዲን ማነስ ነው፣ የልጅ እድገትና አእምሮም በዛው ይጎዳል። በ2003 ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ተብሎ ደንብ ወጥቷል፣ ግን ሰኞ ገበያ ሂዱና እዩት፣ ጆንያው አፉን ከፍቶ ፀሀይ ላይ ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ አዮዲኑ በኖ ያልቃል። ቤት ስትገቡም መስኮት ላይ ክዳን በሌለው ጣሳ ታስቀምጡትና ወጡ ገና ሲጣድ ትጨምሩታላችሁ፣ ሲወርድ ነው እንጂ!

የመንታ እናት፦ ወይኔ ጣሳው መስኮቴ ላይ ነው አሁን እያየሁት

ፋርማሲስቱ፦ 😂 ክደኚው በይ። ለዚህ ብር አይዋጣም።

የመንታ እናት፦ እሺ ጨውን ለቀቅኩላችሁ፣ ለሽሮፑ ግን እሁድ እጄን አወጣለሁ፣ ለልጄ ሆድ ከፍቶላታል ብያለሁ።

የሆጤ ወላጅ፦ አውጪ መብትሽ ነው። 4 ሰአት ነው፣ የሁለቱንም መንታ ልክ ይዘሽ ነይ።