ፉድ ሳይንስ ያዋጣል ወይ?

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦ ሰላም ወገን፣ ፉድ ሳይንስ ብገባ ያዋጣኛል? ወጪ መጋራቱስ? ቡሬ ሥራ ይገኛል?

መልስ 1፦ እህቴ፣ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ የምግብና የመኝታውን ሙሉ፣ የትምህርቱን ቢያንስ 15 በመቶ ለመክፈል ትፈርሚያለሽ፤ ሥራ ስትይዢ ከደመወዝ ይቆረጣል። እኔን ካልሽኝ ትልቁ ወጪ ዓመታቱ ናቸው።

መልስ 2፦ ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የዘይት ፋብሪካም አለ። ግን ወረቀቱ ብቻውን በር አይከፍትም፤ የሚፈለገው ላብራቶሪ የለመደ እጅ ነው። ወተትን እንይ። ላክቶሜትር (የወተት ጥግግት መለኪያ) ከ1.028 እስከ 1.032 ካሳየ ደህና ይመስላል። ቅባቱ ሲገፈፍ ንባቡ ከፍ ይላል፤ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ይወርድና ልክ ቦታው ላይ ቁጭ! የገርበር የስብ ምርመራ ካልታከለበት ትሸወጃለሽ። ይህን የሚዘነጋ ተመራቂ አይጠፋም።

መልስ 3፦ በቆሎም ያው ነው። እርጥበቱ ከ14 በመቶ በላይ ሆኖ ጎተራ ከገባ ይሻግታል፤ አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ካፈራ ደግሞ ቢቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። እርጥበት መለኪያ መያዝና ከጆንያው አናት ብቻ ሳይሆን ከመሃልና ከሥር ናሙና ማውጣት ልመጂ። ሃሳፕ (HACCP፣ የምግብ አደጋን አስቀድሞ መለያና መቆጣጠሪያ ዘዴ) ብትጨምሪበት ጥሩ ነው። የተግባር ልምምድ ሲደለደል ቢሮ እንዳይወስዱሽ፣ ላብራቶሪ ብለሽ ጠይቂ።